እትዬ አስካለ የተቀመጡበት ጉብታ

ትናንት ጠዋት በሬን ስከፍት የሚቃጠል አፈር ሸተተኝ። ሽታውን የማያውቅ ሰው የእንጨት ጭስ ይመስለዋል፤ አይደለም። የሣር ሥር፣ ኩበትና አፈር አብረው ቀስ እያሉ ሲቃጠሉ የሚወጣ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ምሬት አለው። ከወንዙ ማዶ ካለው ማሳ ጭሱ ከየጉብታው እየተነሣ ወደ ጓሳው ሣር ሜዳ ያዘግም ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚሸት ምን እንደሚጣፍጥ ልብ ብዬ አላውቅም። ከሌን እንደ ለበስኩ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የታወሰኝ ግን እሱ አልነበረም፤ እትዬ አስካለ ነበሩ።

እትዬ አስካለ በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። ጊዜው ደርግ ወድቆ፣ ከጦር ሜዳ የተረፈው ሁሉ በእግሩም በመኪናም ወደየቤቱ የሚመለስበት ነበር። ከእኛም ቀበሌ ብዙዎች ተመለሱ። የእሳቸው ባል አልተመለሱም። ልጅ አልወለዱም፤ የነበራቸው ጥቂት በጎች፣ አንድ እንዝርትና ከቤታቸው ግርጌ ያለች አንዲት ማሳ ናት። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥምና ማሳቸውን አባቴ ደምሴ ያርስላቸው ነበር፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ።

ጠዋት ጠዋት ጥላሸት የጠገበች ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ወደ ማሳቸው ሲወርዱ አያቸው ነበር። ቅርጫቷ ውስጥ የምድጃ አመድ፣ ከጋጡ የተጠረገ የበግ በጠጥ፣ የረገፈ ገለባ አለ። አመዱን ነፋስ እንዳይወስድባቸው በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ከድነው ያስቀምጡታል። ከጓሮ የሚከምሩትን ፍግ ደግሞ ለዘር ሰሞን ይጠብቁታል። እኛ ቤት የከብቱ እበት ሁሉ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ይነዳል። እሳቸው ግን የሚያነዱት ጭራሮና የደረቀ አሜከላ ነበር።

“ሙሽሪት፣ ምን ይሸታል?” ይሉኛል ከማሳቸው አንድ እፍኝ ዘግነው አፍንጫዬ ሥር እያስጠጉ።

“ምንም።”

“ደግመሽ አሽቺ። አፈር እንደ ሊጥ እርሾ አለው። ሽታው ከጠፋ እርሾው ሞቷል ማለት ነው።”

በዚያን ጊዜ ማሳ ሲደክም ማቃጠል የአባት የእናት ወግ ነበር። ያደረውን መሬት ደጋግመው ያርሱታል፤ አፈሩን ከነሣሩ በየቦታው በጉብታ ይከምሩታል፤ በጉብታው ሆድ ኩበት ከትተው ይለኩሱታል። ለቀናት ሲጨስ ይሰነብታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያስጨፍራል፤ የሁለተኛው ያሳስባል። ከዚያ በኋላ አፈሩ እንደ ሸክላ ዱቄት ቀልቶ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። ብዙ ማሳ ያለው ሰው አንዱን አስተኝቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። እትዬ አስካለ ግን ያለቻቸው አንዲት ናት።

አንድ በጋ እህታቸውን ሊጠይቁ ወደ ቀየት ሄዱ። አባቴ ይህን ጊዜ ማሳቸውን ከምሮ ጨረሰው። ክፋት አልነበረም። ያምናው ገብሳቸው ሳስቶ ነበርና ሲመለሱ ሊያስደስታቸው ነው። የእኛ ኩበት አልበቃ ሲለው፣ “እሳቸው ጓሮ አይጠፋም፤ የት ነው የሚያስቀምጡት?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እየሮጥኩ አሳየሁት። ከፍጉ ክምር ላይ የደረቀውን በገዛ ቅርጫታቸው እያመላለስኩ በየጉብታው ከተትኩ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ፍሙን በገል ይዞ ሲያጎነብስ እትዬ አስካለ ከላይ በኩል ብቅ አሉ። የመንገዱ አቧራ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው አልብሶታል። አልጮኹም። ቀጥ ብለው መጡና የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ተቀመጡ።

“በል ደምሴ፣ ለኩስ።”

“ኧረ እትዬ አስካለ፣ ይነሡ! ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው። ዘንድሮ ጎተራዎ አይበቃዎትም።”

“የዘንድሮውን አውቀዋለሁ። የከርሞውን ንገረኝ።”

“የከርሞውን እግዜር ያውቃል።”

“እግዜርም ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ። ያንተን ማሳ ካቻምና አቃጠልከው። ዘንድሮ ምን ይመስላል?”

ሊያግዙ ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ፣ “እትዬ፣ ገብሱ ቀርቶ እርስዎ ሊበስሉ ነው!” ብሎ አሳቃቸው።

“የአሮጊት ሥጋ ነኝ፤” አሉት። “የአገሩ ኩበት ቢነድም አልበስልም።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ብቻ አልሳቀም። በሰው ፊት አፍሮ ፍሙን ጣለና በእግሩ አጠፋው። እሳቸው በእጃቸው ጉብታውን ማፍረስ ጀመሩ። ከሆዱ የወጣውን ፍግ አገላብጠው አዩት፤ የማን እንደ ሆነ አወቁ። ከዚያ ከእጄ ያልወጣችውን ቅርጫት አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ራሴ ሄድኩ። ቅርጫቷን ሰጡኝና፣ “በይ፣ የከተትሽውን አውጪ” አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሆነን ጉብታዎቹን በተንን። ወደ ማታ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣ “እጅሽ ፈጣን ነው፤ ለማፍረስም ለመሥራትም” አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አባቴ ግን በዚያ ዓመት በሬዎቹን ወደ ማሳቸው አላወረደም። ሌላ የሚያርስላቸው ፈልገው ሳያገኙ የዘር ጊዜ አለፈ። የመሐል ሜዳ ገበያተኞች ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ ሲያመጡላቸው እየፈተሉ ከረሙ። ያን ክረምት ከቤታቸው ጭስ የሚወጣው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እናቴ ከአባቴ ተደብቃ በሶ ትልከኛለች፤ እሳቸውም ባዶ እጄን አይመልሱኝም፤ አንድ ድውር ክር ያሸክሙኛል።

የዚያው ክረምት ዝናብ የእኛን ቀይ አፈር እየጠረገ ሸለቆ ከተተው። አባቴ ካቡ ላይ ተቀምጦ ጎርፉን ሲያይ አስታውሳለሁ። የእትዬ አስካለ ማሳ ጦሟን ብታድርም እንደ ጠቆረች ነበረች።

በተከታዩ ዓመት አንድ ማለዳ አባቴ ጥማዱን እየነዳ ደጃቸው ቆመ። እኔም ተከትዬው ነበር።

“ደምሴ፣ እሳት ይዘህ ነው በሬ ይዘህ የመጣኸው?” አሉት ከውስጥ።

“በሬ፤” አለ መሬት መሬት እያየ።

“እንግዲያ ግባና ቁርስ ቅመስ። በሬ ይዞ የመጣ ሰው አይቸኩልም።”

ያን ዓመት ባቄላ ዘሩባት፤ ለከርሞው ገብስ። አባቴ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣም። ግን እስኪሞት ድረስ የቤታችን አመድ ደጅ አልተደፋም።

እኔ ሳገባ ሰው ሁሉ ማሰሮና ምንጣፍ ሲያመጣ፣ እትዬ አስካለ ያችን የጠቆረች ቅርጫት ይዘው መጡ። ሚዜዎቹ ሳቁ። ባለቤቴ ግን ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ይህ ትዝ ሲለኝ ነው እሱም የመጣብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ መጣ። የሚያርስልኝ እሱ ነው።

“እቴ፣ የወንድሜን ማሳ እናቃጥለው፤” አለኝ። “ለሙት ዓመቱ ተዝካር ጠላውም እንጀራውም ይደርሳል።”

“ባቄላ እንዝራበት። ተዝካሩን ባለን ልክ እናወጣለን።”

“ሰው ምን ይላል?”

“ይበል።”

“እንግዲያ አራሽ ፈልጊ” ብሎ ያቀረብኩለትን ጠላ ሳይጨርስ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት በሬ አልመጣም። ነገ መምጣቱንም አላውቅም። ምድጃውን ጠርጌ አመዱን በቅርጫቷ ያዝኩ። ታችዋ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ እትዬ አስካለ የሰፉት ከንፈሯ ብቻ ቀርቷል። ማሳው ላይ በትኜው ስጨርስ ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አፈር ዘገንኩ።

ይሸታል።