ለማጨብጨብ ወልቂጤ ሄደን

እልልታ ከሆነ ነገሩ የምጠራው እኔ ነኝ። ጉራዬን እየነዛሁ አይደለም፣ እውነቴን ነው። ቡታጅራ ውስጥ ሰርግ ደግሶ እኔን ያልጠራ ሰው ካለ ወይ ተኳርፈናል ወይ አገር ለቆ ሄዷል። ድምፄ ከድንኳኑ አልፎ አስፋልቱን ይሻገራል ይላሉ። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ስለምውል ጉሮሮዬ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

የቴሌቪዥን ቀረጻ ላይ ተመልካች ሆኜ መቀመጥ የጀመርኩትም በዚሁ ጉሮሮዬ ነው። አዲስ አበባ የምትኖር የእህቴ ልጅ አንድ ቀን፣ "አክስቴ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር ሊቀረጽ ነው። ሰው ይፈልጋሉ፣ ነይ እንሂድ" አለችኝ።

"እኔ ደግሞ ምን ልሠራ?"

"ለማጨብጨብ ነዋ።"

ሳቄ መጣ። ሰው ለማጨብጨብ ታክሲ ተሳፍሮ ይሄዳል? ሄድኩ። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት የእህል መጋዘን ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ግን መብራቱ ዓይን ያጠፋል። በቴሌቪዥን እንደዚያ ሰፍቶ የሚታየው መድረክ የእኔን ሱቅ ሁለት ቢያክል ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ልጅ መጣና፣ "እጄን ሳነሳ ታጨበጭባላችሁ፣ ሳወርድ ታቆማላችሁ" አለን። መድረኩ ላይ ገና ማንም የለም። ለባዶ ወንበር አጨበጨብን! እኔማ እንደለመድኩት እልልታዬን ለቀቅኩት። ልጁ ደንግጦ ዞረና "ማናት እሷ?" አለ። የእህቴ ልጅ በሀፍረት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን "ወደ ፊት አምጡልኝ" ብሎ መጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ቀረጻ ካለ አልቀርም። ጎረቤቶቼ በቴሌቪዥን ሲያዩኝ "ይቺ ሴትዮ ሱቋን ማን ያዘላት?" ይላሉ አሉ። ይበሉ!

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የወልቂጤው ነው።

ሱቄ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው ጨርቁን ከእኔ ይገዛል፣ ደጃፍ ወጥቶ ለእሱ ይሰጣል። እንዲህ እየተጋገዝን ብዙ ዘመን ኖረናል። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከስፌት መኪናው አጠገብ ትቀመጥና ይጠይቃታል። እግሩ ፔዳሉን እየረገጠ፣ "የዚህ አገር ዋና ከተማ ማነው? የዚያ ወንዝ መነሻስ?" ይላል። ስትመልስ መኪናውን ቀጥ ያደርግና ወደ ውስጥ ወደ እኔ፣ "እልል በይልኝ እንጂ!" ብሎ ይጮኻል። እኔም ሜትሬን እንደያዝኩ እለቅለታለሁ። ጨርቅ ሊገዛ የገባው ሰው ሰርግ ቤት የገባ መስሎት ግራ ይጋባል።

ያ ውድድር በየከተማው እየዞረ ተወዳዳሪ ሲመዘግብ፣ እጇን ይዞ ወስዶ ያስመዘገባት እሱ ነው። ፈተናውን ያለፈች ቀን ሰፈሩን አዳረሰው። ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቆማል፤ "ልጄን በቴሌቪዥን ታያታለህ" ይላል። እሱ ግን አላያትም። ትንሽ ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በዚያው ቀረ። ቀረጻው ወልቂጤ ላይ ነው ተብሎ ስልክ ሲደወል መንፈቁን ካወጣን ብዙም አልቆየንም ነበር።

ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። መጽሐፍ የሚባል አትገልጥም፣ ሱቄ ደጃፍ እንኳ ላለማለፍ በጀርባ መንገድ ትዞራለች። ያቺ ለሁሉ ነገር መልስ የነበራት ልጅ "እንዴት ነሽ?" ሲሏት የምትመልሰው ይጠፋታል። ጥሪው ሲመጣም "አልሄድም" አለች። እናቷ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ፣ "ትሄጃለሽ። ለዚያ ቀን ጥቁሩንም ታወልቂዋለሽ። አባትሽ ያስጀመረሽን ሳትጨርሺ ብትቀሪ አይለቀኝም" አለቻት። ሁላችንም የፈራነው አንድ ነገር ነበር። ልጅቷ እዚያ ወጥታ አፏ ከተያዘ ከእንግዲህ የሚመልሳት የለም።

እናትየው ራሷ ግን አልሄድም አለች። "ጥቁር ለብሼ ጭብጨባ ቤት ምን እሠራለሁ? ሰውስ ምን ይለኛል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ሰፈር አፍ እንዴት ያለ አፍ መሰላችሁ! ሙት ዓመቱ ሳይደርስ የሳቀች ሴት ወሬዋ በማግስቱ እንሴኖ ገበያ ላይ ይሸጣል። በመጨረሻ የእድራችን ዳኛ ሐጂ መጡ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ አባት የለም። እናትም ከቀረች ልጅቷ ከመድረክ ሆና ማንን ትፈልግ?" አሏት። በዚህ ረቷት እሳቸው።

በአንድ አውቶቡስ ሞልተን ተነሳን። ልጅቷ አባቷ ለዚሁ ቀን ብሎ አስቀድሞ የሰፋላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ጨርቁ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳልሸጥለት ደብቆ ያስቀመጠው ጨርቅ ነበር። ገና ከከተማው ሳንወጣ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አሉት፣ ወዲያው አጠፋው። ማንም ለምን አላለም። ተራራውን በጉም ውስጥ ወጥተን፣ በቸሃ የእንሰት ጓሮዎች መሃል ወርደን፣ ጉብሬን አልፈን ወልቂጤ እስክንገባ ድረስ የሰማነው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወልቂጤዎች አገራቸው ነውና እንደ ሰርገኛ ተሞሽረው ነው የመጡት። የእነሱ ተወዳዳሪ ፈገግታ የማይለየው ጎበዝ ልጅ ነው፣ የእኛዋ በግራ በኩል ቆማለች። እዚህም ማዳመጫ የደፋ ሌላ ልጅ ወጣና አለማመደን። "ለልጃችሁ ነው፣ እንዳትቆጥቡ! ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እልልታ!" ወልቂጤዎች ጣሪያውን አነሱት። እኛ አጨበጨብን።

አጨበጨብን፣ በቃ። አስቀድመን አልተመካከርንም። ግን ያቺ ጥቁር የለበሰች ሴት መሃላችን ተቀምጣ፣ ከጎኔ እኮ ናት፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ፣ ማን ነው እልል የሚል? ሐዘንተኛ ባለበት እልል አይባልም፣ አለቀ። ይሄን ማንም አስተምሮን አያውቅም፣ ማንም አይረሳውም።

ውድድሩ ተጀመረ። አቅራቢው ጠየቀ፣ የወልቂጤው ልጅ መለሰ፣ አዳራሹ ተናወጠ። የእኛዋ ተጠየቀች፣ መለሰች። ጣ ጣ ጣ አደረግን፣ ዝም አልን። ሁለተኛውንም መለሰች፣ እንደዚያው። ልጅቷ መልሱን በሰጠች ቁጥር አንገቷን ወደ እኛ ታዞራለች። እኔ አውቃለሁ ምን እንደምትጠብቅ። ከልጅነቷ ጀምሮ መልስ ስትሰጥ የሚከተላት ድምፅ አለ። ያ ድምፅ በቀረ ቁጥር አባቷ እንደገና ይሞትባታል። ለምን ዝም እንዳልን ታውቃለች፣ ልጃችን አይደለች? ማወቋ ነበር የባሰባት። ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቋት። በረንዳዬ ላይ ስንት ጊዜ የመለሰችው ጥያቄ! አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ጊዜዋ አለቀ። እልልታው ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆሞ ይወጋኛል።

እረፍት ሲሆን ያ ማዳመጫ የደፋው ልጅ ወደ እኛ መጣ። "ቡታጅራዎች፣ ምነው? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ!" አለ እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። ከወንበሬ ብድግ ስል ሐጂ ከኋላ ነጠላዬን ይዘው ቁጭ አደረጉኝ። ልጁ አላወቀም፣ ምን ያድርግ? እናትየው ግን ሰምታለች። ዞር ብላ ረድፋችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችን። ያ ሁሉ አፈኛ ሰው አፉን ይዞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። እኔም ዓይኗን ሽሽት ጫማዬን አየሁ።

መብራቱ ተመልሶ በራ። ከመጨረሻው ዙር በፊት አቅራቢው ተወዳዳሪዎቹን ያጫውታል። የወልቂጤውን ልጅ ስለ ጓደኞቹ ጠየቀውና አሳቀው። ቀጥሎ ወደ እኛዋ ዞረ። "አንቺንስ ማነው ያዘጋጀሽ?"

"አባቴ" አለች።

"ጎበዝ አባት! የት አሉ? እስኪ ይነሱልንና ይጨብጨብላቸው!"

አቅራቢው እጁን ዘርግቶ ወደ እኛ ረድፍ ይጠብቃል። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። የሆነ ሰው ከኋላ ማጨብጨብ ጀምሮ ተወው። ካሜራው እኛ ላይ እየዞረ አባት ይፈልጋል። በቃ፣ አለቀላት፣ አልኩ በሆዴ። አሁን እዚያው ታለቅሳለች፣ ከዚያ መድረክ የምትወርደው ላትመለስ ነው።

ከጎኔ ያለው ትከሻ ሲነሳ ተሰማኝ። እናትየው ቆማለች። ነጭ መብራት ያ ጥቁር ልብሷ ላይ ወረደባት። አዳራሹ አሁን ገባው። ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ልይዝ እጄን ሰደድኩ።

እልልልልል!

መጀመሪያ ድምፁ ተሰነጠቀባት። ለስንት ወር ከለቅሶ በቀር የወጣበት ነገር የለም። ትንፋሿን ሰበሰበችና እንደገና ለቀቀችው። አሁን ጠራ። ልጇን ቀጥ ብላ እያየች፣ እንባዋ እየወረደ፣ አገሩ የፈለገውን ይበል ብላ እልል አለች። እኔማ ከዚያ በኋላ ማን ይችለኛል! አፍኜ የያዝኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ረድፋችን ሁሉ ተነሳ፣ ወንዶቹ እግራቸውን መሬት ይመታሉ፣ ሐጂ "ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!" ይላሉ። ወልቂጤዎችም እግዜር ይስጣቸው፣ ለራሳቸው ልጅ ካሉት አብልጠው አሉልን። የእነሱ ተወዳዳሪ ሳይቀር የእኛዋን እያየ ያጨበጭባል። ልጅቷ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻውን ዙር ምን ልበላችሁ! ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። አቅራቢው "እስኪ ልጨርስ" እያለ ይለምናታል። በየመልሷ እናቷ ትጀምራለች፣ እኛ እንቀበላለን። መጀመሪያ የጣለችው ነጥብ ግን ጎዳት። በአንድ ጥያቄ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። አሸናፊውን ጨብጣ፣ ቀና ብላ፣ በዚያ አረንጓዴ ቀሚሷ ስትወርድ ያየ ሰው አንደኛ የወጣችው እሷ ናት ብሎ ይምል ነበር። እኔ ባለዋንጫ ወልጄ እንኳ እንደዚያ የምኮራ አይመስለኝም። የማላውቃቸው የወልቂጤ እናቶች መጥተው ግንባሯን ይስማሉ፣ ይመርቋታል። እኔም መሃል ገብቼ "የእኛ ናት! ከደጃፌ ነው ያደገችው!" እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሰው መውጣት ሲጀምር ያ ማዳመጫ የደፋው ልጅ እየሮጠ ደረሰብን። አሁን አንገቱን ሰበር አድርጓል። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት። "የመጀመሪያዋ እልልታ በድንገት ስለሆነ ድምፁ በደንብ አልተያዘልንም፣ ካሜራውም ዘግይቷል። እዚያው ቦታዎ ላይ ቆመው አንዴ ቢደግሙልን? ለፕሮግራሙ ትልቅ ነገር ነው።"

እኔማ ጉሮሮዬን መጥረግ ጀምሬያለሁ። ረድፋችንም ወደ ወንበሩ ሊመለስ ዞሯል።

"አይደገምም የኔ ልጅ" አለች፣ ሳትቆጣ።

"አንዴ ብቻ እናቴ። ለቴሌቪዥኑ።"

"ለቴሌቪዥን መቼ አልኩት? ለአባቷ ነው ያልኩት። እሱ ሰምቷል።"

ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ቆመ። ልጅቷ መጥታ የእናቷን ክንድ ያዘች።

"ሰምቷል" አለችው።