ትናንት ልጁ የት ነበር?

ዳንግላ ውስጥ በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እስካሁን በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ። አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። አንዱን ግን አልረሳውም፤ ዋናውን ጥያቄ የጨመሩበት ማንበብ የማይችሉ ሴት ነበሩ።

በገበያው አጠገብ አንድ የሕፃናት ማቆያ ተከፍቶ ነበር። በቀን ሥራ የሚኖሩ እናቶች አነስተኛ ነገር ብቻ ከፍለው፣ የቀረው እየተደጎመላቸው ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ቤት ነው። ሁለት ክፍል ቢኖረውም የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ተቆልፎ ስለ ከረመ ሌላ መሥሪያ ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ ይሰጠኝ አለ። ከዚያ እንጅባራ ካለው ከበላይ ቢሯችን መልእክት መጣ፦ ቦታ ያጡ ችግረኛ እናቶች ካሉ ቆጥራችሁ አሳዩን፣ ከሌሉ ክፍሉ ለጠያቂው ይሰጥ።

ቆጠራው ለእኔ ደረሰኝ። ቀበሌው መንገድ መሪ መደበልኝ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴት። ሥራቸው እህል መጋዘን ውስጥ ባቄላና አተር መልቀም ነው። ጠጠሩንና የነቀዘውን እየለዩ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ለዚያ ሳምንት ያንን ትተው ነው ከእኔ ጋር የወጡት። አማርኛውንም አዊኛውንም እኩል ይናገራሉ። እኔ ከሌላ አውራጃ የመጣሁ ስለሆንሁ አዊኛ ከሰላምታ አያልፍልኝም።

«ልጄ፣ እኔ ወረቀቱን አላውቀውም» አሉኝ ገና ስንገናኝ። «ቤቱን ግን አውቀዋለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ከቤት ቤት እየገባን ቅጹ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ አነበብሁ፦ የሕፃናት ማቆያ አገልግሎት ያስፈልግዎታል? በር ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር እናት «አያስፈልገኝም» አለችኝ፤ ልጇ ጉልበቷ ሥር አቧራ ላይ ይጫወታል። ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት «አልሐምዱሊላህ፣ የእኔ ልጆች ደኅና ናቸው» ብላ ሸኘችን። ለግንብ ሥራ ድንጋይ የምታመላልስ አንዲት ወጣት ደግሞ ተቆጣች። «ልጄን ማሳደግ አቅቷታል ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ። በሩ የተዘጋ ቤት ሲገጥመኝ «ሰው የለም» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። «አያስፈልግም» የሚለው አምድ ሞልቷል፤ ሪፖርቱ አጭር ይሆናል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ወደ ማታ ዝናብ መጣ። ጋሪ መቆሚያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። መንገድ መሪዬ የነጠላቸውን ጫፍ እየጨመቁ ወረቀቴን ተመለከቱ።

«ምን ሞላልሽ?»

«አያስፈልግም ያሉት ይበዛሉ፣ እትዬ። የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ናቸው።»

«እኔንም ብትጠይቂኝ አያስፈልገኝም ነበር የምልሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ገብቼ ያላየሁትን ቤት ምን ብዬ ያስፈልገኛል እላለሁ? ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ፣ ሊወስድብኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ሰው የጎደለውን ለማያውቀው አይናገርም። የዋለውን ውሎ ግን ይናገራል።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ትናንት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ልጁ የት ነበር በያት። ያስፈልጋት አያስፈልጋት እንደሆነ ያን ጊዜ አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ነገሩ ሲገባኝ አፈርሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። ጠዋት የሁለት ዓመት ልጅ እንዳለኝ አጫውቻቸው ነበር።

«የአንቺስ ልጅ ዛሬ የት ዋለ?»

«የአክስቴ ልጅ ከገጠር መጥታ እሷ ትይዝልኛለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እሷስ የት መዋል ነበረባት?»

ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርሁ። እሳቸውም አልጨመሩበትም፤ ዝናቡን ያዩ ጀመር። ልጅቷን ከእናቷ ስቀበል ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብዬ ነበር። መስከረም በመጣ ቁጥር ለከርሞ ስል ሁለት ዓመት አልፏል። እንደኔ ያለች፣ ስለ ሕፃናት መብት በየስብሰባው የምትናገር ሴት፣ የሌላ ሰው ልጅ ቤቷ አስቀምጣ ነው የሌሎችን ቤት የምትቆጥረው። ዝናቡ ሲያባራ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ልጄን አዝላ ሽሮ ታማስላለች። «ዛሬ አላስቸገረኝም» አለችኝ ፈገግ ብላ።

በማግስቱ እነዚያኑ ቤቶች እንደገና ዞርን። በየቅጹ ዳር በእስክሪብቶ አንድ አምድ አሰመርሁ፤ ራሱ ላይ «ትናንት ልጁ የት ነበር?» ብዬ ጻፍሁበት። መንገድ መሪዬ በር ላይ ቆመው አይጠይቁም። ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለታመመው ጎረቤት ያወራሉ። ጥያቄው በጨዋታ መሃል ይመጣል። ገጠር ተወልደው ከተማ ለገቡት በአዊኛ ይጠይቁና መልሱን ለእኔ ይመልሱልኛል።

ልባሽ ጨርቅ ሻጯ ሁለት ልጆቿን ዓይናቸው ለማያይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት እንደምትተው ነገረችን። ሴትዮዋ ልጆቹን በድምፃቸው ነው የሚጠብቋቸው፤ ዝም ካሉ ይደነግጣሉ። ተቆጥታ የነበረችው ድንጋይ አመላላሽ ልጇን ሥራ ቦታ ይዛው እንደምትሄድ፣ የሲሚንቶ ወረቀት አንጥፋ ከአሸዋው ክምር ጀርባ እንደምታስተኛው ተናገረች። «ትናንት አንድ ጡብ አጠገቡ ወደቀ» አለች። ይህን ስትል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። መንገድ መሪዬ እጇን ያዝ አደረጉና ቆዩ። እኔ እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለ አንድ ክፍል ደረስን። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። በመጀመሪያው ቀን እዚያ «ሰው የለም» ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ።

«ዛሬም የሉም፣ እንሂድ እትዬ» አልሁ።

እሳቸው ጆሯቸውን በሩ ላይ አደረጉ። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከውስጥ የልጅ ልቅሶ ይሰማል፤ ብዙ ካለቀሰ በኋላ የሚመጣ፣ የደከመ ልቅሶ ነው። በአማርኛ አባበሉት፣ አልተወም። በአዊኛ ሲያናግሩት ዝም አለ። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ትንንሽ ጣቶች ወጡ። መንገድ መሪዬ አንድ ጣታቸውን ሰጡት፣ ጭብጥ አደረገው።

ቁልፍ ሰባሪ ልጥራ ወይ አልኋቸው። እናቱ ለምሳ እንደምትመጣ፣ በሩ ተሰብሮ ብታገኘው እንደምትደነግጥ ነገሩኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ይነግሩታል፤ ጆንያ የጫነ ጋሪ፣ ፍየል የሚጎትት ሰውዬ። ልጁ አንዳንዴ ይመልሳል። እንዲህ ሆነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ጀርባቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ባቄላ መልቀም ወገብ ይጨርሳል። አልተነሱም። እዚያ ቆሜ ሳያቸው፣ የተማርሁት ሁሉ ያላስተማረኝን ነገር እያየሁ እንደሆነ ተሰማኝ።

እናትየው በሩጫ መጣች። ሆቴል ልብስ የምታጥብ ናት፤ እጇ ገና አልደረቀም። ቦርሳዬንና ወረቀቴን ስታይ ባለችበት ቀረች።

«መንገዱ ላይ ወጥቶ ጋሪ እንዳይረግጠው ብዬ ነው የቆለፍሁት» አለች።

«አውቃለሁ» አሏት መንገድ መሪዬ። «እኔም ቆልፌ ሄጄ አውቃለሁ። ነይ ክፈችለት፣ ጠምቶታል።»

ስትቸኩል ቁልፉ እንቢ አላት። እሳቸው ተቀብለው ከፈቱት። ልጁ ወደ እናቱ ሮጠ። «ሰው የለም» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝሁት፤ ስሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።

ከዚያ ቤት ስንመለስ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። እሳቸው መጋዘን ሲውሉ ሦስት ታናናሾቿን ያሳደገቻቸው ትልቋ ልጃቸው ናት።

«ሦስቱ ተምረዋል፤ አንዱ አስተማሪ ሆኗል» አሉ። «እሷ አልተማረችም። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብላ ባቄላ ትለቅማለች። አንድ ቀን እንኳን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።»

ቆጠራው ሲያልቅ «አያስፈልገኝም» ካሉት እናቶች አብዛኞቹ ልጃቸውን የሚያውሉበት ደኅና ቦታ እንደሌላቸው በአዲሱ አምድ ላይ ተጽፎ ነበር። ሪፖርቱን ይዤ እንጅባራ ስሄድ አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኋቸው። ከዳንግላ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ቢሮው ስንደርስ ኃላፊው ወረቀቶቹን አገላበጠና ጣቱን በእጅ ያሰመርሁት አምድ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ከየት መጣ? ቅጹ ላይ የለም እኮ። ሴቶቹ ራሳቸው አያስፈልገንም ብለው የለ?»

ላስረዳው ሞከርሁ። ስለ አሠራር፣ ስለ መረጃ አሰባሰብ ብዙ ተናገርሁ። ፊቱ አልተፈታም። መንገድ መሪዬ ያን ጊዜ በአዊኛ ጥቂት ነገር አሉት። ቀና ብሎ አያቸውና መለሰላቸው። እንደገና አንድ ነገር ጠየቁት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በአጭሩ መለሰላቸው።

«ተዪው እዚህ» አለኝ በመጨረሻ በአማርኛ። «አምዱንም ጭምር።»

ሚኒባስ ውስጥ ምን እንዳሉት ጠየቅኋቸው።

«አገሩን ጠየቅሁት፣ ከፋግታ ወዲያ ካለ ገጠር ነኝ አለኝ። እናትህ አረም ስትውል አንተ የት ነበርህ አልሁት። እህቴ ጀርባ ላይ አለኝ።» ከዚያ በመስኮቱ በኩል ለከሰል የሚተከለውን ዛፍ ማየት ጀመሩ።

ሁለተኛው ክፍል ከወራት በኋላ ተከፈተ። ከሆቴል ልብስ አጣቢዋ ልጅ ጀምሮ ብዙዎቹ ገቡ። ሁሉም ግን አልገቡም። የሽንኩርት ቸርቻሪዋ ልጅ ተራ ሲጠብቅ ለትምህርት ደርሶ አንደኛ ክፍል ገባ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከፋኛል። ማቆያው መጀመሪያ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መንገድ መሪዬ ግን «የቀን ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምትወጣው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የተከፈተ በር ለእሷ የተዘጋ ነው» ብለው ለጽሕፈት ቤታችን ተናገሩ። ሞግዚቶቹ ፈረቃ ተመደበላቸውና በሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት መከፈት ጀመረ። ለእሳቸውም የሞግዚትነት ሥራ ቀርቦላቸው ነበር። ወገባቸው እንደማይችልላቸው ተናግረው ትልቋን ልጃቸውን አቀረቡ። ዛሬ እዚያ ትሠራለች፤ ልጆቹ ከእሷ ሌላ ሰው ሲያስተኛቸው እንቢ ይላሉ።

እኔ ልጄን ወደ ማቆያው አላስገባሁትም፤ ደመወዝ ያላት ሴት የምትይዘው ቦታ የሌላ ሰው ቦታ ነው። ለጎረቤቴ እየከፈልሁ አዋልሁት። የአክስቴን ልጅ በዚያው ዓመት አስመዘገብኋት። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስትቀመጥ አፍራ አንገቷን ደፍታ ከረመች፤ አሁን ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። የቀሩባት ሁለት ዓመታት ግን የሚመለሱ አይደሉም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ምን አድርገሽኝ?» አለችኝ። ይህንን መልሷን እንዴት እንደምወስደው እስካሁን አላውቅም።

ቆጠራው አሁን በየዓመቱ ይደረጋል። በእጅ ያሰመርሁት አምድ ቅጹ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ አዲስ የሚቀጠሩት ሠራተኞች ከመጀመሪያው የነበረ ይመስላቸዋል። መንገድ መሪዬ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ዙረት ትተዋል። ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ግን ቤታቸው እሄዳለሁ። ዘንድሮም ሄጄ ነበር፤ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«በታችኛው ሰፈር፣ ከሰፌድ ሻጮቹ ወዲህ፣ አዲስ ተከራይ ገብታለች» አሉኝ። «ሁለት ሕፃናት አሏት፤ ጠዋት ስትወጣ ግን ብቻዋን ነው የማያት። እሷን አስቀድሚ። ደግሞ በር ላይ ቆመሽ አትጠይቂያት፣ ገብተሽ ተቀመጭ።»