የቀርከሃው ግመል

ባለፈው ሰኔ ወደ ሰመራ ስወርድ አውቶቡሳችን ለምሳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ቆመ። የሆቴሉ በረንዳ በቀርከሃ ታጥሯል። እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ዳሰሰው፤ ሐሳቤም ወዲያው ወደ ወጣትነቴ ዘመን ተመለሰ።

ያኔ የቀርከሃ ሙያውን ካስተማሩኝ ከጋሽ ዓለሙ ጋር ከእንጅባራ ወርደን፣ ከሚሌ አለፍ ብላ ባለች መንደር፣ መንገድ ዳር የሚቆም፣ ሆዱ ሰው የሚያስገባ ትልቅ የተንበረከከ ግመል እንድንሠራ ተቀጥረን ነበር። ቀርከሃው በጭነት መኪና ተከተለን። አገሩ ላይ እንደ ክር የሚታዘዘው እንጨት በዚያ ሐሩር ጧ እያለ ይሰነጠቃል። በራሰ ጆንያ ጠቅልለን እናሳድረውና በማለዳ ፈልጠን እንጎነጉናለን፤ ፀሐይ ሲበረታ ሚሌ ሄደን ከሾፌሮች ጋር ሩዝና የፍየል ሥጋ እንበላለን። የመንደሩ ሰዎች ቆም ብለው ያዩንና ይሄዳሉ። ወደውት ይሁን ጠልተውት አልገባኝም ነበር።

ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው በጠዋት ስንደርስ፣ ግመሉ ከሻኛው እስከ ጉልበቱ ሰሌን ለብሷል። ሐዋ የሚባሉ አሮጊት ከሆዱ ብቅ ብለው በእጃቸው ከለከሉን። ለካ ነፋስ የልጃቸውን ጎጆ ወስዶታል፤ ልጅቱም ምጥ ላይ ናት።

ጋሽ ዓለሙ ሰሌኑን እንዳነሳ አዘዙኝ። ጠጋ ስል ከውስጥ ስታቃስት ሰማኋት።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም፤ ግመል ነው» አልኳቸው።

ሐዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «በር አለው፣ ጥላ አለው። ለማን ነው የሠራችሁት?»

«ለሚያልፍ ሰው።»

«እኛም አላፊ ነን» አሉና ተመልሰው ገቡ።

እጄን ሰበሰብኩ። ጋሽ ዓለሙም ትርፍ ቀርከሃው ላይ ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ሕፃን አለቀሰ። ወንድ ነው ብለው ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት አመጡልን።

በማግስቱ የምረቃው እንግዶች መጡ። እንባረራለን ብዬ ስጠብቅ፣ የደጋው ቀርከሃና የአፋር ሰሌን እንዲህ መዋሐዱን አድንቀው አጨበጨቡልን። የምኮራበት ይሁን የማፍርበት ጠፋኝ፤ ጋሽ ዓለሙን ባይ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

ከሳምንታት በኋላ ለጥገና ስንመለስ ግመሉ እግርና አንገት ብቻ ቀርቶታል። ቤተሰቡ ዝናብ ተከትሎ ሲሄድ ሰሌኑን ብቻ ሳይሆን ጎባጣ ጎባጣ የጎድን አጥንቶቹንም ለጎጆ ማገር ነቅሏቸዋል። አንድ ሾፌር ግመላችን በእውነተኛ ግመል ተጭኖ ሲሄድ እንዳየ ነገረን።

ጋሽ ዓለሙ የቀረውን እግር እየዳሰሱ፣ «ሥራችን ፈረሰ ነው የሚባለው፣ ወይስ ሄደ?» አሉኝ።

በሰኔው ጉዞ ሚሌን ስናልፍ ቦታውን ከአውቶቡሱ መስኮት ፈለግኩት፤ ግራርና አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ወንበርና አልጋ ቁጥር የለውም፤ ሁሉም ካስቀመጡት ቦታ ሳይነቃነቅ አለ፣ አንዱም ግን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ያ ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። የት ተወለድኩ ብሎ ሲጠይቅ ቤት ውስጥ ብለውት ይሆን፣ ግመል ውስጥ?