ከእሳት ያመለጡት ግርሾች

ልጅ ሳለሁ አያቴ አንጥረኛ ነበሩ፤ ተረት የሚያወሩት ደግሞ ብር ሲያቀልጡ ብቻ ነበር።

ያኔ ወሎ እኛ ሰፈር ልጁን የሚድር ሰው የድሮ የብር ግርሾቹን በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል፣ ለሙሽራዋ የእግር አልቦና የአንገት ድሪ እንዲሠሩለት። ግርሿ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ አንበሳ አለባት፤ ከአያቴም በዕድሜ ትበልጣለች። አንጥረኛ አይታመንምና ባለ ብሩ ግርሾቹ ቀልጠው እስኪያልቁ ከእሳቱ ዳር ንቅንቅ አይልም። ወናፉ ሲተነፍስ ፍሙ ይቀላል፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ አያቴም አህያ ሊያጭ ስለሄደው ጅብ ይጀምራሉ። ማውራት ብቻ መሰላችሁ? ወገባቸውን ይዘው፣ እያነከሱ፣ እያጓሩ! እኔ መሬት ላይ እንከባለላለሁ፣ ባለ ብሩም እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

ሲሞቱ «ለተረት አዳማጬ» ብለው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ተዉልኝ፤ ግርሾች አሉባት። አሜሪካ ድረስ ይዣት መጣሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ከካልሲዎቼ ጋር ስንት ዘመን ኖረች።

አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ኢዮብ እዚሁ ቅርብ ካለችው አሌክሳንድሪያ መጣ። እዚሁ የተወለደ ነው፤ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ቆርቆሮዋን ላሳየው ብዬ፣ ደግሞ ግርሾቹ እንዲያበሩ በሎሚ ላሻቸው ስል፣

«አክስቴ ስቶፕ! ክሊን እንዳታደርጊያቸው!» ብሎ ሎሚውን ነጠቀኝ።

ለካ ውድ የሚያደርጋቸው ጥቁረታቸው ነው! እዚህ አገር እድፍም ዋጋ አለው ብዬ ሳቅኩ።

«እነዚህ እኮ በጣም ሬር ናቸው» አለኝ። «ብዙዎቹ ቀልጠዋል። ግራንድፓሽ ከየት አመጣቸው?»

«ሰዎች እንዲያቀልጡላቸው ያመጡላቸው ነበር፤ እሳቸው ተረት እያወሩ፣ ባለ ብሩ እየሳቀ...» አልኩና የባለ ብሩ ዓይን በሳቅ እንባ ተሞልቶ እሳቱን ሳያይ ትዝ አለኝ።

ኢዮብ አየኝ። «ሰርቋል ማለት ነው?»

«አንተ! ቢሰርቁም እንኳ ‹ሰርቀዋል› ነው የሚባለው!»

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ እኔ ግን ሳቄ መሀል ላይ ጠፋብኝ። ሌላ ጊዜ እኮ የእኔ ሳቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል! የስንቷ ሙሽራ አልቦ ቀልሎ ይሆን? ደግሞ እሳቸው ባይሸሽጓቸው እነዚህም ቀልጠው ነበር። ልፈር ወይስ ልኩራ? ምናልባት ደግሞ የድካማቸውን ዋጋ በግርሽ የከፈላቸው ሰው ይኖራል። ማን ይነግረኛል?

ግርሾቹን ለኢዮብ ሰጠሁት። ሰብሳቢዎች ሳንቲሙ ከማን እንደመጣ መጻፍ አለባቸው አሉ፤ «የማን ነበሩ ልበል?» አለኝ። የአያቴ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ደግሞ የሙሽሮቹ ልለው አሰብኩ። ስሙ የሚጻፍበት ቦታ እስከዛሬ ባዶ ነው። ኮል ባደረገ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔም ባዶውን ተወው እለዋለሁ። ከአያቴ የቀረልኝን ሲጠይቁኝ ግን ያን የጅብ ማጓራታቸውን ነው የምናገረው። እሱስ የራሳቸው ነበር፤ መሰለኝ።