ቤዛዊት የወጣንበት እሑድ

ባለቤቴ መሞቱን የሰማሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መሥሪያ ቤት ሆኜ ነው። ልጆቼንና የባለቤቴን አባት ይዤ ቤዛዊት ቤተ መንግሥት የወጣሁት በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ነበር። ይህን የነገርኋቸው ሁሉ ይታዘቡኛል። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማች ሴት ልጆቿን አልብሳ አበባ ልታሳይ አትወጣም። እኔ ግን ወጣሁ፤ እንዴት እንደወጣሁ ልናገር።

ባለቤቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ለተጠባባቂ ጦር ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ አምስት ወር። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት እንደዚህ ነበር። ደብዳቤ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የመንግሥት ሰው የለም፤ ሚስት ራሷ እየጠየቀች ትኖራለች።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ሐሙስ ዕለት ዘበኛው መጥቶ አንድ ወታደር በር ላይ እንደሚፈልገኝ ነገረኝ። ስወጣ በክራንች የቆመ፣ አንድ የሱሪው እግር የታጠፈ ሰው አገኘሁ። ከባለቤቴ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሞት የተረፈው ለቤተሰቡ እንዲነግር እንደተማማሉ አስረዳኝ። ተቀመጥ አልሁት፤ እንቢ አለ።

«ተስፋ አድርጊ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም» አለኝ። «አጠገቤ ነው የወደቀው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አመሰገንሁት። ተመልሼ ገባሁና የጀመርሁትን ደብዳቤ ጨረስሁ። አንድም ፊደል አልሳትሁም። ይህ ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል።

ማታውን ዳንግላ ላለው ወንድሜ ስልክ ደወልሁ። ሰኞ እንደሚመጣ፣ ሽማግሌዎች ይዞ ማክሰኞ ንጋት ላይ መርዶው በወጉ እንደሚነገር፣ እስከዚያ አንድም ቃል እንዳልተነፍስ አስጠነቀቀኝ። የፈራው ለአማቴ ነው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሹም አቦ ሰፈር በነበረችው ሁለት ክፍል ቤታችን አብረውን ይኖሩ ነበር። አባባ ነበር የምላቸው።

አባባ በጃንሆይ ጊዜ ቤዛዊት አትክልተኛ ነበሩ። ኮረብታው ገና ድንጋይና ቁጥቋጦ ሳለ ጉድጓድ ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ስለ አትክልቱ ለልጆቼ ያወሩ ነበር እንጂ ልሂድና ልየው ብለው አያውቁም። ከዚያ እሑድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግን ድንገት ይነዘንዙኝ ጀመር። ልጆቹን ይዘን እንውጣ፣ ሳልሞት ላሳያቸው፣ አለቃሽን ፈቃድ ለምኝው ይሉኛል። ቤተ መንግሥቱ በጥበቃ ሥር ስለነበር ያለ ደብዳቤ ማንም አይገባም። አለቃዬን ለመንሁትና ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣልኝ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ያ እሑድ ነበር።

ይቅር ብል ለምን ይሉኛል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሰባት ዓመት ሴት ልጄን ጸጉር ሠራሁ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጄን የበዓል ልብሱን አለበስሁት፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠርሁ፣ ጋሪ ተሳፍረን ሄድን።

የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደሮች ይፈትሹ ነበር። ከጋሪው ወርደን ወረቀቱን ሳሳይ ልጄ እጄን ለቅቆ ወደ አንዱ ወታደር ሄደ። ወታደሩ ገና ልጅ ነገር ነበር፤ ጢሙ እንኳ በደንብ አልወጣም።

«አባዬን ታውቀዋለህ?» አለው። «እሱም ወታደር ነው።»

ወታደሩ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። ከዚያ ጎንበስ አለና፣

«አውቀዋለሁ» አለው። «ጎበዝ ነው።»

ልጄ ድልድዩን ስንሻገር እየዘለለ ነበር። ወታደሩ ለአባዬ ይነግረዋል ወይ፣ መቼ ነው የሚነግረው ይለኛል። ይነግረዋል እለዋለሁ። አባባ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ቀሩ። ያን ያህል ርቀት እንደማያዩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሲያዩ ቆዩ።

ጋሪው ከኮረብታው ግርጌ አወረደን። ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣነው፤ አባባ ክንዴን ይዘው በየመታጠፊያው እያረፉ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቤቱ ውስጥ መግባት እንደማይቻል፣ ምሽግ ወዳለበት ወገን እንዳንጠጋ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳንቆይ ነገረን። እኚህ ሰው እኮ እዚህ ነበሩ ልለው አፌን ስከፍት አባባ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። ተውሁት።

ልጆቼ ያንን አትክልት በወሬ ያውቁታል። አባባ አራት ዓይነት ጽጌረዳ ነበር፣ መንገዱ ዳርና ዳር በኖራ የተቀባ ድንጋይ ነበረው፣ የዘንባባዎቹ ሥር በየጠዋቱ ይጠረግ ነበር እያሉ ነግረዋቸዋል። ሴቷ ልጄ መንገዱን የምታውቀው ይመስል ወደፊት ሮጠች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች።

«አባባ፣ ጽጌረዳው የታለ? እዚያ ያለው ጎመን ነው።»

እውነትም ጎመን ነበር። የጽጌረዳው መደብ ለጠባቂዎቹ ምግብ ቤት ጓሮ ሆኗል። ድንጋዮቹ ተነቅለዋል። ከፊቱ ያለው ሣር ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አባባ ተደግፈውኝ ቁጢጥ አሉና አንዱን የጎመን ቅጠል በጣታቸው ዳሰሱት።

«ውሃ አግኝቷል» አሉ። «ጥሩ ጎመን ነው።»

ክንዴን ይዘው ተነሡ።

ቤቱን በመስኮት አየነው። ልጆቹ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው በእጃቸው ጋረዱ። ሰፊ ሳሎን ነው፤ ወንበሮቹ ሁሉ፣ ረጅሙም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ልጄ ከጨርቁ ሥር ሰዎች ተኝተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወንበር ነው፣ አቧራ እንዳይነካው ነው አልኋት። እኔ ግን ከዚያ በላይ ማየት አልቻልሁምና ዞር አልሁ። ሐሙስ ዕለት ያ ወታደር ሲነግረኝ በምን እንደገነዙት፣ ጨርቅ አግኝተውለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም ነበር። ጥያቄው የመጣልኝ እዚያ መስኮት ሥር ነው።

ከቤቱ ጀርባ አባባ ራሳቸው እየመሩን ሄዱ። በእግራቸው እየዳበሱ፣ እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ ሦስት ነው እያሉ። ከደረጃው በታች አንድ የመንደሪን ዛፍ አገኘን። አርጅቷል፤ ግማሹ ደርቋል፤ ግማሹ ግን ፍሬ ይዟል። ባለቤቴ ትንሽ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር እየመጣ በቆርቆሮ ውሃ ያጠጣው እንደነበር ነገሩን። ለልጆቹም ግንዱን አስነኳቸው። ወንዱ ልጄ አባዬ ከዚህ ዛፍ ይበልጥ ነበር ወይ አለ። ያን ጊዜ ያንስ ነበር፣ አሁን ግን ይበልጣል አሉት።

ከዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ይታያል። ጣና ወደ ሰማይ ገብቶ ያልቃል። ሁለት ታንኳዎች እንጨት ጭነው ወደ ከተማው ይቀዝፋሉ። ልጆቹ ጉማሬ ካላየን አሉ። ከበሩ ጀምሮ የተከተለን ጠባቂ ኮስታራ ቢሆንም ልጅ የሚወድ ሰው ነበርና እኔ ላሳያቸው ብሎ ጥቂት ራቅ አድርጎ፣ ከዓይናችን ሳያርቃቸው፣ አፋፉ ላይ ይዟቸው ቆመ። አባባና እኔ መንደሪኑ ሥር ተቀመጥን።

ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የሰማሽው መቼ ነው?»

«ምኑን?» አላልሁም።

«ሐሙስ» አልኋቸው። «እርስዎስ?»

«ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኔ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያልቅ ልጁ ቆስሎ የመጣለት አንድ ጎረቤት ደጀ ሰላሙ ላይ እንደነገራቸው አጫወቱኝ። ከእኔ የደበቁት ቀድሜ ከሳቸው እንዳልሰማ ነው፤ የራሷ ወገን ያርዳት ብለው። አሥራ ስድስት ቀን ከእኛ ጋር አንድ ገበታ ቀርበዋል፣ ልጆቹን ተረት አጫውተዋል፣ ደብዳቤ ዘገየ ስላቸው መንገዱ ይሆናል ብለውኛል። እኔ ሦስት ቀን አቅቶኝ ልሰነጠቅ ደርሼ ነበር።

«ታዲያ ለምን እንውጣ አሉኝ?» አልኋቸው።

«ነገ ከነገ ወዲያ መርዶው ይመጣል። ዓመት ጥቁር ትለብሻለሽ። ልጆቹም ከዚያ በኋላ የሐዘንተኛ ልጆች ናቸው፤ ማን ያወጣቸዋል? አባታቸው ልጅ የነበረበትን ሳያዩ እንዳይቀሩ ብዬ ነው።»

እኔ ደግሞ ጽጌረዳቸው የናፈቃቸው መስሎኝ በልቤ ተቀይሜያቸው ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳነሣ፣

«እዚህ አናልቅስ» አሉኝ። «ልጆቹ ይህን ቦታ በለቅሶ እንዳያውቁት።»

አላለቀስንም። እንደኛ ወግ ምራት የአማቷን እጅ ይዛ አትቀመጥም፤ ያን ቀን ግን ያዝሁት፤ እሳቸውም አልነጠቁኝም። ልጆቹ ጉማሬው ጆሮውን አሳየን እያሉ እስኪመለሱ ድረስ እንዲሁ ቆየን። ከዚያ እንቁላሉን ላጥሁ፤ በላን። አባባ የራሳቸውን ግማሽ ለወንዱ ልጄ ሰጡት።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ወንድሜና ሽማግሌዎቹ በሩን ቆረቆሩ። አባባ ከመደባቸው ተነሥተው ደህና ናችሁ ወይ፣ በማለዳ ምን አመጣችሁ ብለው ጠየቁ። እኔም እንደማያውቅ ሰው ቆምሁ። ሽማግሌው ቃሉን ሲናገር አሁን የምሰማው መሰለኝ። ለካ እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም ለማልቀስ ያን ቃል ጠብቀን ነበር።

አባባ ሲጮሁ ልጃቸውን እኔ በማላውቀው ስም ጠሩት። ደጋግመው ጠሩት። በሰባተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ ስሙ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እናቱ ያወጣችለት የቤት ስም ነው አሉኝ፤ እሷ ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም ጠርተውት አያውቁም። ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ለእኔም አልነገረኝም። ረስቶት ይሁን ደብቆኝ አላውቅም። የምጠይቀው ሰው የለም፤ አባባም በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ያ ስም የማን እንደነበር አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።