የሙዓዝ የጁምዓ ሰዓት

ሙዓዝ፣ ያላ ተነስ። ጁምዓ ነው፤ ማሽኑ ዛሬ የእኛ ነው። ከዘገየን የሚቆረጠው ከራሳችን ሰዓት ነው ያልከኝ አንተ ነህ።

እንዲህ ብዬ ልቀሰቅስህ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ባዶ አልጋህን ያየሁት።

ላልሰማችሁ፦ ወንድሜ ሙዓዝ ትናንት ከመዳኒ ከተማ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። እኔ እስካሁን አላመንኩም። ስልኩ እኔ ጋ ነው፤ አሁንም መልእክት ይገባለታል። ለዐረብ ጓደኞቹ ለብቻ እጽፋለሁ። ይህ ለእናቴ አገር ሰዎች ነው። ለቅሶው አጎቴ ቤት ነው፤ እኔ ግን ለመተኛት አርካዊት ሰፈር ወዳለው ክፍላችን ተመልሼ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ምን እንደሚያጠና አታውቁም። አንዲት ጎረቤታችን ሐኪም መስሏት "ራሴን ፈልጦኛል፣ እስቲ እየው" ስትለው "እትዬ፣ እኔ ሰዓቱን ብቻ ነው የማየው" ብሏት ነበር። እውነቱን ነው። ሰው ማሽን ውስጥ ተኝቶ ሥዕል ሲያይ፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም ወዴት እንደሚሄድ ማሽኑ ፎቶ ያነሳል። የሙዓዝ ጥያቄ ሥዕሎቹ መቼ መቼ ይምጡ የሚል ነበር።

ለእኔ ያስረዳኝ በጣሪያው ማራገቢያ ነው። አበራው፣ አጠፋው።

"አየህ? ካጠፋሁትም በኋላ ይዞራል። ደሙም እንደዚሁ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል።" ሳይቆም ደግሞ አበራው። "አሁን የሚዞረው በየትኛው ነው? በፊተኛው ነው በኋለኛው?"

እማዬ ከወጥ ቤት ጮኸች። "ሙዓዝ! እሱን አቃጥለህ በዚህ ሙቀት አንተ ልታራግበኝ ነው?"

"እማዬ፣ ትምህርት ነው!"

"ለትምህርቱ አምፖሉ አይበቃም?"

ታዲያ አንዱ እስኪቆም ጠብቀን ሌላውን እናምጣ አልኩት። ሞከርነው። ላፕቶፑን አልጋው ላይ አደረገ፤ የሰው ፊት ሲመጣ አንድ ቁልፍ ልጫን፣ ቤት ሲመጣ ልተው። ሥዕሎቹ ተራርቀው በእኩል ክፍተት ይመጡ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ገና ሳይመጡ መጫን ጀመርኩ። ቤት ላይም ተጫንኩ።

ሙዓዝ ሳቀብኝ። "ያኽ፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ሥዕሉን ትተህ ሰዓቱን ነው የምታየው! ሳይመጣ አትቀበለው።"

ይህን ሁልጊዜ ይለው ነበር። እማዬ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ ስትጨነቅ፣ እኔ የፈተና ውጤት ስፈራ፣ "ሳይመጣ አትቀበሉት" ይለናል።

ከዚያ ክፍተቶቹን አደባለቃቸው። አንዱ ይቀርባል፣ አንዱ ይርቃል፣ አንዳንዴ ምንም አይመጣም። ክፍተቱ ከተለያየ፣ ቢደራረብም በስሌት መለየት ይቻላል አለኝ። የትኛው አደባለቅ እንደሚሻል ግን ዝም ብሎ አይታወቅም። ኮምፒዩተሩ ብዙ ቅደም ተከተል እየሞከረ የማይረባውን ይጥላል፣ ከተሻለው ደግሞ ሌላ ያወጣል። ይህን ያህል የደከመው ማሽኑ የሆስፒታል ስለሆነና ለእሱ የተፈቀደው የዛሬው አንድ ሰዓት ብቻ ስለነበረ ነው። መጀመሪያ የምገባው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻውን ቅደም ተከተል አላሳየኝም፤ "ከለመድከው አይረባኝም" አለ።

ትናንት ከቀብር ስንመለስ አስተማሪው የነበረችው ዶክተር ደወለችልኝ። "ልሰርዘው፤ ማንም አይወቅስህም" አለች።

ሌላ ጊዜ ይሰጡናል ወይ አልኳት። "ቃል ልገባልህ አልችልም" አለች።

ካልተሞከረ የወንድሜ ሥራ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀራል። እመጣለሁ አልኳት።

"ስማኝ፣ እዚያ ውስጥ ካለቀስክ ጭንቅላትህ ይነቃነቃል። ከተነቃነቀ ሁሉም ይበላሻል። ደግሞ ልጅ ነህ፤ እናትህ ካልፈቀደች አላስገባህም።"

አጎቴ ተቆጣ። "ዛሬ ወንድምህን ቀብረህ ነገ ማሽን? ሰው ለቅሶ ሲደርስ የት ሄደ እንበል?"

እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። "ያማል?" አለችኝ።

"አያምም። ይጮኻል እንጂ።"

"የእሱ ሥራ ነው?"

"የእሱ ነው።"

"እንግዲህ ሂድ።" ወደ አጎቴ ዞራ "እናቱ ልካዋለች በላቸው" አለችው።

ሙዓዝ፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ።

ፊቴን ታጥቤ ብቻዬን ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዶክተሯ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ በስፖንጅ አስያዘችው፤ የምጫነውን ቁልፍ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ማሽኑ ጮኸ። ፊት መጣ፣ ተጫንኩ። ቤት መጣ፣ ተውኩት። ከዚያ ረጅም ባዶ መጣ። ያን ባዶ እዚያ ያስቀመጥከው አንተ መሆንህን ሳስብ እንባዬ መጣ። እንባ ጭንቅላት አይነቀንቅም፤ የሚነቀንቀው ሲቃው ነው። እንባውን ወደ ጆሮዬ እንዲወርድ ተውኩት፣ ሲቃውን ያዝኩት። ፊት መጣ፣ ተጫንኩ።

በመጨረሻ ዶክተሯ በድምፅ ማጉያው "ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን መንቀሳቀስ ትችላለህ" አለች። ስወጣ ምስሎቹን እያየች ነበር። "አልተነቃነቅክም" አለችኝ።

ሰዓትህ አልባከነም፣ ወንድሜ። አላህ ይዘንልህ። ደህና ሁን።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ፣ አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስኩ።