ሎቶማው አርቆ የማሰው ጉድጓድ

ባሌ ሎቶማው በሥራ አይታማም፣ በጠባዩም ክፉ አይደለም፤ በሽታው የአጎቱ ልጅ ሲሊጋ ነው። ሁለቱም እዚሁ ኒውታዎ ደሴት፣ በአንድ አያት መሬት ላይ አደጉ። ሲሊጋ በጀርመን መርከብ ሠርቶ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ሎቶማው ዋጥ አደረገው። (ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከቆርቆሯቸው የሚወርደውን ውሃ እየሰማሁ እኔም መንደዴ አልቀረም።) ሲሊጋ ተመርጦ ዋና ከተማችን ፉናፉቲ ሄዶ ፓርላማ ገባ። ይህንንም እንደምንም ዋጠው። አልዋጥ ያለው የፑላካው ነገር ነው።

የፑላካ ጉድጓዶቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ይህ ጉድጓድ ውስጥ የሚተከል የጎደሬ ዘመድ ሥሩን የሚያደልበው ከአሸዋው በታች ባለው፣ ጨው ባልነካው ጣፋጭ ውሃ ነው። በነጻነት በዓል ትልቁ ተነቅሎ በሰው ትከሻ ወደ መሰብሰቢያው አዳራሽ ይገባል፤ የባለቤቱም ስም ይጠራል። ሁልጊዜ የሚጠራው ሲሊጋ ነው። እሱ ፉናፉቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚኮተኩቱለት የሚስቱ ወንድሞች ናቸው! ሎቶማው ግን ቅጠል በእጁ እየበጣጠሰ ፑላካውን ያበላል፣ እንደ ልጅ ያነጋግረዋል። ከበዓል በተመለስን ቀን ዓሣ እንኳ በጉሮሮው አይወርድም።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ከፑላካው ጎን፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ሲቆፍር አገኘሁት።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«የሱ የሚወፍረው ውሃው ስለሚቀርበው ነው። እኔም አቀርበዋለሁ።»

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ሲባል አልሰማህም?»

«እስቲ ተይኝ! ዘንድሮም የሱን ስም ልስማልሽ?»

ጣፋጩ ውሃ ስስ ነው፤ ከሥሩ ባሕሩ ተኝቷል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ቅናት ግን አያውቅም። ሳይቆይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው። ውሃው አንድ ነውና የሲሊጋም ጉድጓድ ተከተለ። ሎቶማው የቆፈረውን በድብቅ መልሶ ደፈነው።

ሲሊጋ ለበዓሉ መጥቶ ይህን ሲያይ ባሌን አቅፎ አለቀሰ።

«ወንድሜ፣ ባሕሩ መጣብን!»

«ምን ይደረግ» አለ የኔው ጉድ።

ባሕሩ በሌላ ቦታ ያደረሰብንን እናውቃለን፤ በዚህኛው ግን ንጹሕ ነበር።

ሲሊጋ ፉናፉቲ እንደተመለሰ በራዲዮ ሰማነው። «የአያቴን ጉድጓድ ባሕር በላው» ብሎ ፓርላማው ፊት አለቀሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ «ሲሊጋ ጉድጓድ» ደረቱን ይመታ ጀመር። ሎቶማው በኀፍረት መሬት የሚገባ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰማሽ? የአያቴ አለ። የኔን ስም አላነሳም!»

«ምን ብሎ ያንሳህ?»

«እኔ ቆፍሬ፣ እኔ ገድዬው...» አለና ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ይኼም የሱ ሆነ!»